በጓዳም በአደባባይም አንድ ሰው

በጥንቷ እስራኤል ለመሥዋዕት የሚመረጥ በግ ዕውር፣ ሰባራ ወይም ቁስለኛ ከሆነ አይቀርብም ነበር። እንከን የሌለበትን በግ ኦሪት ዘሌዋውያን በዕብራይስጥ «ታሚም» ይለዋል። ይኸው ቃል በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 25 ላይ ድፍን ዓመትን፣ በመጽሐፈ ኢያሱ ደግሞ ሙሉ ቀንን ይገልጻል። በዘፍጥረት 17 አብርሃም «ታሚም» እንዲሆን ታዘዘ።

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉ «ፍጹም» ተብሏል። ብዙ ሰው ታዲያ «ፍጹም» ሲባል ኃጢአት የማያውቅ መልአክ ይታየውና ትእዛዙን ለቅዱሳን ትቶ ያልፋል። ዕብራይስጡ የሚፈልገው ግን ያልተጓደለ፣ ልቡና አፉ፣ ጓዳውና አደባባዩ አንድ የሆነ ሰው ነው።

ከዚሁ ሥር የወጣውና ያልተጓደለ ጠባይን የሚገልጸው «ቱማ» በመላው ዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ 5 ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ 4ቱ በመጽሐፈ ኢዮብ ናቸው። ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤናውን ያጣው ኢዮብ፣ ሚስቱ ይህን ጠባዩን እንዲተው ብትወተውተውም አልለቀቀም። በምዕራፍ 31 ደግሞ በእውነተኛ ሚዛን እንዲመዘን ይጠይቃል። ማስረጃ አድርጎ የሚቆጥረው ጾሙንና መሥዋዕቱን አይደለም። አገልጋዩ ሲሟገተው መብቱን አለመርገጡን፣ እንጀራውን ለወላጅ አልባው ማካፈሉን፣ መንገደኛን ውጭ አለማሳደሩን፣ ዋጋ ሳይከፍል የምድርን ፍሬ አለመብላቱን፣ ጠላቱ ሲወድቅ አለመደሰቱን ነው።

ሚዛኑም ቢሆን ተራ ነገር አልነበረም። ዘዳግም 25 በአንድ ከረጢት ትልቅና ትንሽ የሚዛን ድንጋይ መያዝን ይከለክላል። በትልቁ እየገዛ በትንሹ የሚሸጥ ነጋዴ በዚያ ዘመንም ነበርና።

ዛሬም አለ። በርበሬው ላይ የሸክላ ዱቄት ደባልቆ እሑድ ማለዳ ነጠላውን አጣፍቶ የሚሳለም ነጋዴ ሁለት ድንጋይ ይዟል። በስብሰባ ስለ ሙስና እየሰበከ ባለጉዳይን «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስ ሹምም፣ ለበዓል በሬ ጥሎ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ የሚያዘገይ አባወራም እንዲሁ።

ይህን ለማቃናት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ነጋዴው ሚዛኑን ያስተካክል፤ ሹሙ የተቀበለውን ማመልከቻ በቀጠሮው ቀን ይጨርስ፤ አባወራው የሠራተኛዋን ደመወዝ ከበሬው መዋጮ ያስቀድም። የሌላውን ያጎደለም ቢዘገይም ለባለቤቱ ይመልስ።