ያልተነካው ቁጥር

«የጡረታ አበል ተቀነሰ» ሲባል መጀመሪያ የሚታየን ደብዳቤ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት፣ አንቀጽ የተጠቀሰበት። እንዲህ ያለው ቅነሳ በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 የጸደቀ ድንጋጌ፣ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ በማይከፈልበት የመንግሥት ሥራ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሌላ ሥራቸው አዋጥተው ካገኙት የማኅበራዊ ዋስትና አበል ላይ ይቀንስባቸው ነበር። የድንጋጌው ደጋፊዎች መከራከሪያ የዋዛ አልነበረም። ስሌቱ ለዝቅተኛ ተከፋዮች ያደላል፤ ግማሽ የሥራ ዘመኑን ሌላ ቦታ ያሳለፈ ሰው በመዝገቡ ላይ ድሃ መስሎ ስለሚታይ ለድሃ የታሰበውን ድጋፍ ይወስዳል ይሉ ነበር። የተቀነሰባቸው ደግሞ ያዋጣነውን ተነጠቅን አሉ። ክርክሩ ከአርባ ዓመት በላይ ተጎትቶ ድንጋጌው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ተሻረ፤ ሚሊዮኖችን የሚመለከት ነበር።

በዚያ ሙግት ማን ትክክል እንደነበር ልተወው። (በበኩሌ ደጋፊዎቹ በሐሳቡ፣ ተቃዋሚዎቹ በአፈጻጸሙ ይሻሉ ነበር ባይ ነኝ።) ያም ሆነ ይህ፣ የሚከራከሩበት ነገር ነበራቸው፤ ቅነሳው ስም አለው፣ የወጣበት ዓመት ይታወቃል፣ በየወሩ ስንት ዶላር እንደሚወስድ ይሰላል። ስለዚህም ሊሻር ቻለ። ደሴ ወይም ጅማ ላይ በጡረታ የሚኖር የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ ግን የሚከሰው የለም። አበሉን ማንም አልነካበትም። ሲወጣ የተወሰነለት ብር በየወሩ በባንክ ደብተሩ ይገባል። ነገር ግን ያ ብር ያኔ ወር ያደርስ ነበር፤ ዛሬ የመጀመሪያውን ሳምንት ይታገላል። ማንም ሳይቀንሰው የተቀነሰ ጡረታ ፍትሕ ጎደለው ሊባል ይችላል? ወይስ እንደ ድርቅና እንደ በረዶ የሚታዘኑለት እንጂ የማይጠየቁበት ጉዳት ነው?

መልሱ የሚወሰነው መንግሥት ለሠራተኛው ቃል የገባው ምን ነበር በሚለው ላይ ነው። ቃሉ ቁጥር ከነበረ ተፈጽሟል፤ ኑሮ ከነበረ አልተፈጸመም።

እስኪ ቃሉ የተጻፈበትን እንየው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 መልክ ከያዘ ወዲህ ደጋግሞ ተሻሽሏል። በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 የሰፈረው ስሌት ለሲቪል ሠራተኛው እንዲህ ነው፦ አሥር ዓመት ላገለገለ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት 11 በመቶ ያዋጣል። ደመወዝ የሚባለው መደበኛው ብቻ ነው። የቤት፣ የትራንስፖርት፣ የኃላፊነት እየተባለ የሚሰጠው ጥቅማጥቅም ስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው በጡረታው ቀን የሚወርደው እሱ ከገመተው ደረጃ በታች ነው። ይህን ግን ሲቀጠር ማወቅ ይችል ነበርና በዚህ መንግሥትን አልከስም።

ስሌቱን ልብ ብሎ ላየው በብር የተጻፈ አይደለም፤ በመቶኛ ነው የተጻፈው። ሠላሳ ዓመት ላገለገለ ሰው አዋጁ «ይህን ያህል ሺህ ብር» አይለውም፤ «ከደመወዝህ 55 በመቶ» ነው የሚለው። ይህ ተራ የአጻጻፍ ጉዳይ አይመስለኝም። ሕግ አውጪው በድፍን ብር ቃል መግባት አቅቶት አይደለም፤ ጡረተኛው ከነበረበት የኑሮ ደረጃ ምን ያህሉን ይዞ እንደሚወጣ ማሰቡ ነው። ግን ይህ ሐሳብ የሚሠራው ለአንድ ቀን፣ በመውጫው ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ መቶኛው ተረስቶ ብሩ ይቀራል። ቃሉ ኑሮ ሆኖ ጀምሮ ቁጥር ሆኖ ያልቃል።

ሁለት መምህራንን እናስብ። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ እኩል ሠላሳ ዓመት አገልግሎት። ልዩነታቸው ዕድሜ ነው፤ አንዷ በሦስት ዓመት ትበልጣለች፣ በሦስት ዓመትም ቀድማ ተቀጥራለች። ታላቂቱ 60 ዓመት ሞልቷት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣች። የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዟ 8,000 ብር ነበር ብንል ጡረታዋ 4,400 ብር ይሆናል። በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ለአንድ ዶላር ከ60 ብር በታች የነበረው በጥቂት ሳምንታት 100 አለፈ። መንግሥትም ይህን አይቶ በ2017 ዓ.ም. የሠራተኞቹን ደመወዝ አሻሻለ፤ ዝቅተኛው መነሻ ከ1,100 ብር ወደ 4,760፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ። እንግዲህ የሠላሳ ዓመት መምህርት ጡረታዋ በተወሰነ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በዚያው ዓመት በዝቅተኛው እርከን ከተቀጠረ ሰው መነሻ ደመወዝ በታች ሆነ። ታናሺቱ በሥራ ላይ ስለቆየች ደመወዟ ተሻሻለ። እጥፍ ሆነላት፣ ሦስቱንም የመጨረሻ ዓመታት በእጥፉ ሠራች እንበል፤ አማካይዋ 16,000፣ ጡረታዋ 8,800 ብር ይሆናል። ሃያ ሰባቱን ዓመት ያዋጣችው ግን እንደ ታላቂቱ ከትንሿ ደመወዝ ነው።

የሁለቱ ደመወዝ ለምሳሌ የተወሰደ ነው፤ ስሌቱ ግን የአዋጁ ነው። ከሁለቱ መምህራን በአንዷ ላይ በደል ተፈጽሟል ካልን፣ የበደሉ ምክንያት ሥራ አይደለም፣ መዋጮ አይደለም፣ ትጋት አይደለም። የልደት ቀን ነው። አርስቶትል ፍትሕን ሲተነትን እኩል ለሆኑ እኩል፣ እኩል ላልሆኑ እንደየብልጫቸው መስጠት ነው ይላል። በዚህ መለኪያ ከሄድን የሁለቱን መምህራን ልዩነት የሚደግፍ ብልጫ ፈልገን አናገኝም።

ያው ፈላስፋ ስለ ገንዘብ የተናገረው ግን ለጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። ገንዘብ ለነገ ዋስ ነው ይላል፤ ዛሬ የማያስፈልገኝን ነገ ባስፈለገኝ ጊዜ እንዳገኝ የሚቆምልኝ ዋስ። ወዲያው ደግሞ ገንዘብም እንደሌላው ዕቃ ዋጋው እንደማይጸና ያስታውሳል። ጡረታ እንግዲህ በዋስ ላይ የተንጠለጠለ ውል ነው። ሠራተኛው ጉልበቱን ዛሬ ይሰጣል፤ የዋጋውን ከፊል ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሊቀበል ይስማማል። ዋሱ ብር ነው። በግለሰቦች መካከል ቢሆን ኖሮ ዋሱ ሲከሳ ተበዳሪውን መውቀስ ይከብድ ነበር፤ የብርን ዋጋ እሱ አይወስነውምና። እዚህ ግን ባለዕዳውም፣ ብሩን የሚያሳትመውም፣ ምንዛሪው በምን እንደሚወሰን የሚደነግገውም አንድ አካል ነው። ያ አካል ቁጥሩን ሙሉ ከፍያለሁ ብሎ እጁን መታጠብ አይችልም።

ይህን ስል የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ጠንካራም ነው። የኑሮ ውድነት ጡረተኛውን ብቻ መርጦ አልመታም። ወጣቱ መምህርም ደመወዙ ከገበያው ጋር አብሮ አላደገለትም፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን የአብዛኛው ሠራተኛ ደመወዝ 30 በመቶ አልጨመረም። ሁሉም ሲከሳ ጡረተኛው ብቻ እንዳይከሳ መጠየቅ አድልዎ አይሆንም ወይ?

ሁሉም ይካፈል በሚለው እስማማለሁ፤ መካፈሉ ግን በሁለቱም በኩል ይሁን። የሚሠራ ሰው መውጫ አለው። ማታ ያስጠናል፣ የግል ትምህርት ቤት ይቀጠራል፣ እርዳታ ድርጅት ያመለክታል፣ ባሰበት ቀን አገር ይለቃል። የስድሳ አምስት ዓመት ሴት ያላት ውሉ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የደመወዝ ስኬል ሲሻሻል ሠራተኛው የጥቅሙ ተካፋይ ይሆናል፤ ጡረተኛው ሌላ ጥናት፣ ሌላ ውሳኔ፣ ሌላ በጀት እስኪመጣ ይጠብቃል። ውሳኔው ሲመጣ ደግሞ በዜና የሚነገርበት ቋንቋ የችሮታ ነው። ችሮታ ጊዜውንና መጠኑን ሰጪው ይመርጣል፤ የዘገየ ደመወዝ ግን እንዲህ አይደለም። ጡረተኛው ያረጀ ደሃ ተደርጎ ሲታሰብ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይቀበላል፤ አበዳሪ ተደርጎ ቢታሰብ ግን የሚናገረው ሌላ ነው።

አበዳሪ ያልሁት በዘይቤ አይደለም። የጡረታ ፈንዱ ገንዘብ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ነው፤ የሰነዱ ዋና ገዢዎችም የጡረታ ተቋማቱ ነበሩ። በእነዚያ ዓመታት ሰነዱ የሚከፍለው ወለድ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር። ያ ማለት የሠራተኛው መዋጮ በየዓመቱ እየሟሸሸ የመንግሥትን ወጪ በርካሽ ይደጉም ነበር ማለት ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቃል፤ የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ከመጀመሪያው እኩል ብር ይቀበላል፣ እኩል ዕቃ ግን አይገዛበትም። ልዩነቱ በዕቁብ ዕጣው ለማንም ሊወጣ ይችላል፣ የቸኮለም ዕጣ ይገዛል። በጡረታ ሠራተኛው ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው፤ በመሐል ብሩን ይዞት የቆየው ሰብሳቢው ነው።

አንድ ብዙ የማይነሣ ነገር ደግሞ አለ። ደመወዝ ሲሻሻል የፈንዱ ገቢ በዚያው ወር አብሮ ያድጋል፤ መዋጮው በመቶኛ ነውና። መነሻው 1,100 ከነበረ ሰው 198 ብር ይገባ የነበረው፣ መነሻው 4,760 ሲሆን 857 ብር ይሆናል። ወጪው ግን ቀድመው ለወጡት በቆመበት ይቆያል። ገቢው ራሱ ይነሣል፣ ወጪውን ሰው መቀስቀስ አለበት። እርግጥ ይህ ትርፍ ንጹሕ ትርፍ አይደለም፤ እንደ ታናሺቱ መምህርት ያሉት ነገ በትልቁ አማካይ ሲወጡ ፈንዱ ይከፍልበታል። የሒሳብ ባለሙያ ይህን ቢያነሣብኝ ልክ ነው። እኔም የምለው ፈንዱ ይራቆት አይደለም፤ የነገዎቹ ጡረተኞች በአዲሱ ደመወዝ የሚሰላላቸውን ያህል፣ የትናንቶቹን በአሮጌው ማስቀረት ከሒሳብ የሚመነጭ ግዴታ አይደለም፣ ምርጫ ነው። ምርጫ ከሆነ ደግሞ የሚጠየቅበት አለ።

ጉዳዩ ከጡረተኛው ቤት አልፎ ቢሮ ድረስ ይገባል። በየቤቱ ወላጆች ለልጆቻቸው ሲመክሩ «የመንግሥት ሥራ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ጡረታ አለው» ይሉ ነበር፤ የዝቅተኛው ደመወዝ ማካካሻ ተደርጎ የተቆጠረው ጡረታው ነው። ይህ ማካካሻ ከቀለጠ፣ ሠላሳ ዓመት እጁን ሰብስቦ የሠራ የግዢ ኦፊሰር ምን ይዞ ወጣ? በአንጻሩ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አጉል ብሂል በየወሩ ሀያ ምናምነኛው ቀን ላይ ምስክር ያገኛል። የበላው ቤት አከራይቶ ይኖራል፤ ያልበላው የጡረታ ደብተሩን ይዞ ልጆቹ ላይ ይወድቃል። ስለ ሙስና የሚሰጡ ሥልጠናዎች ይህን አይነኩትም። ለወጣቱ ሠራተኛ ግን ከማንኛውም ሥልጠና በላይ የሚያስተምረው ከጎኑ ካለው ወንበር የተነሡት አዛውንት በሁለተኛው ዓመት እንዴት ሆነው እንደታዩ ነው።

የቀረኝ ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ጡረታ የሚባል ነገር የለውም። ገበሬው፣ ጉልት የምትቸረችረው፣ የቀን ሠራተኛው ሲያረጁ ያላቸው ልጅና ጎረቤት ነው። ለመንግሥት ጡረተኛ የሚጨመረው ከግምጃ ቤት የሚወጣ ከሆነ፣ ከእነዚህ በግብርም በዋጋ ንረትም ተሰብስቦ ነው የሚወጣው። ከእነሱ የተሻለ ለኖረ ሰው ከእነሱ ወስዶ መስጠት ፍትሕ ነው ማለት አልችልም። ስለዚህ ጥያቄዬን አጠባለሁ። ጡረተኛው ከግምጃ ቤት ድጎማ ይሰጠው አልልም፤ ፈንዱ ከራሱ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ የሚያገኘውን ጭማሪ ይካፈል እላለሁ። መንግሥትም የፈንዱን ብር ሲበደር ማንኛውም ተበዳሪ የሚከፍለውን ይክፈል፤ ይህ ለጡረተኛው ችሮታ አይደለም፣ ለገበሬውም ዕዳ አይደለም።

ለዚህ አዲስ ተቋም አያስፈልግም። የደመወዝ ስኬል ማሻሻያ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚቀርብበት ዕለት፣ በየደረጃው ቀድመው ለወጡት ምን ያህል እንደሚስተካከል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከዚያው ሰነድ ጋር ይቅረብ፤ ፈንዱ ሙሉውን የማይችል ከሆነ ግማሹን፣ ግማሹን የማይችል ከሆነ ሩቡን፣ ምክንያቱን ከነቁጥሩ ጽፎ። ያኔ ቢያንስ የተቀነሰው ስንት እንደሆነ፣ የቀነሰውም ማን እንደሆነ ጡረተኛው ያውቃል፤ አቤት የሚልበት አንቀጽም ይኖረዋል።