ደስታ ዕዳ አለበት ወይ?

ጎረቤት ተርቦ እያለ መሳቅ ነውር ነው እንላለን። እውነትም ነውር ነው። ታዲያ ራብ ከዓለም ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ማንም ሰው አይሳቅ ማለታችን ነው? ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ አንድ የሙዚቃ ቅጂ ነው፤ የጉስታቭ ማህለር አራተኛ ሲምፎኒ።

ማህለር ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1901 ሙኒክ ላይ ራሱ እየመራ አሰማው። በቃጭል ይጀምራል፤ ትሮምቦንና ቱባ የሉበትም፤ በጠቅላላው ፈገግ ያለ ሙዚቃ ነው። በመጨረሻው ክፍል አንዲት ሶፕራኖ ተነሥታ በሕፃን አንደበት ስለ ሰማይ ቤት ትዘፍናለች። እዚያ ጭፈራ አለ፤ አትክልቱ፣ ፍራፍሬው፣ ዓሣው ሞልቷል፤ ወጥ ቤቷም ቅድስት ማርታ ናት።

ግን ልብ ብላችሁ ስሙት። ዮሐንስ ጠቦቱን ይለቀዋል፤ ሄሮድስ ሊያርደው ያደባል። ቅዱስ ሉቃስ በሬ ይጥላል። ድግስ ያለ ዕርድ የለማ! ሕፃኑ ይህንንም ሳይደብቅ፣ በዚያው በደስታ ድምፅ ይናገራል። «ማህለር እያፌዘ ነው» የሚል ይኖራል። ሰውየው ግን ዘፋኟ እንደ ሕፃን በደስታ ትዝፈን፣ ፌዝ ፈጽሞ አይግባበት ብሎ በኖታው ላይ ጽፏል።

ማህለር ከዚያው የሕዝብ ግጥም መድበል የወሰደው ሌላ ዘፈን አለ፤ ስለ ምድራዊ ሕይወት። እዚያ ሕፃን እናቱን ዳቦ ይለምናል። እስኪታጨድ ጠብቅ፣ እስኪወቃ ጠብቅ፣ እስኪጋገር ጠብቅ ትለዋለች። ዳቦው ሲደርስ ልጁ ሞቷል።

እኔ ሁለቱን ሕፃናት እንደ አንድ ነው የምሰማቸው። አለዚያ የሰማዩ ልጅ ስለ ምግብ ይህን ያህል ለምን ያወራል? የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ ይህ ግን የጠገበ ሰው ደስታ አይደለም። «ዝም በል፣ አትደሰት» ብንለው ዳቦውን ሁለተኛ መንጠቅ ይሆናል።

እሺ፣ እኛ አድማጮቹስ? እኛ እኮ አልተራብንም። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የሰማሁት ቅጂ እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1939 አምስተርዳም ውስጥ የተቀዳ ነው፤ መሪው ቪለም ሜንግልበርግ፣ ሶፕራኖዋ ዮ ቪንሰንት። ጦርነቱ በመስከረም ተጀምሯል። ከስድስት ወር በኋላ ጀርመኖች ሆላንድን ወረሩ፤ ብዙም ሳይቆይ የማህለር ሙዚቃ ከአይሁድ ወገን ነው ተብሎ ተከለከለ። ይህን በፍቅር ያስጫወተው ሜንግልበርግ ግን በወራሪዎቹ ዘመን ሥራውን ቀጠለ፤ ከጦርነቱም በኋላ በአገሩ ኦርኬስትራ እንዳይመራ ታገደ። ያ ሁሉ ውበት አንድ ሰው እንኳ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አላደረገም።

ስለዚህ ሙዚቃ ልብን ያነጻል የሚለውን ለመቀበል ይቸግረኛል። ቢሆንም ጥፋቱ መደሰታችን አይመስለኝም፤ ጥፋቱ ጠቦቱን መርሳት ነው። ሕፃኑ አልረሳም። እኛ በእሱ ደስታ ከተደሰትን ዕዳ ገባን ማለት ነው፤ ዕዳውም ዳቦው በሰዓቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው። ይህን ያልከፈለ አድማጭ፣ ያን ሙዚቃ የሰረቀው ይመስለኛል።

የማይስማማ ካለ ይጻፍና እንከራከርበት።