የጥበብ ሰው የማን ባለዕዳ ነው?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስለ ኪነ ጥበብና ስለ እደ ጥበብ በሚነገርበት መድረክ ሁሉ አዳዲስ ቃላት ይደመጣሉ። «የፈጠራ ኢንዱስትሪ»፣ «ሥራ ፈጣሪ»፣ «መዋዕለ ንዋይ»፣ «የፖሊሲ ድጋፍ» የሚሉት ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ቃላቱ በመሠረቱ መልካም ናቸው፤ ለረጅም ዘመን ከቁም ነገር ሳይቆጠር የኖረውን ሙያ በአገር ሀብት መዝገብ ውስጥ ያስገቡታልና። ይሁን እንጂ ቃል ስለተለወጠ ብቻ በሰውና በሰው መካከል ያለው ግንኙነት አብሮ ተለወጠ ማለት አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡ ስንት ነው ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ ገንዘቡ በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ምን ዓይነት ግንኙነት ይፈጥራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። የጥበብ ሰው ገንዘብ በተቀበለ ጊዜ የማን ባለዕዳ ይሆናል? ለመሆኑ ለእርሱስ ዕዳ ያለባቸው የሉምን?

ይህን ጥያቄ በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ላይ ተመርኩዞ መመርመር ይጠቅማል። ምክንያቱም ጥበብን በእንጀራ የማኖር ዘዴዎች፣ ማለትም ምጽዋቱ፣ ሽልማቱ፣ ደመወዙና ብድሩ፣ ሁሉም በዚህ ምድር ላይ ተሞክረዋል። እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ትምህርት ትተው አልፈዋል።

በመጀመሪያ ቋንቋችን ራሱ የሚሰጠውን ምስክርነት እንስማ። በአማርኛ «ጥበብ» ማለት እውቀት ነው፤ በነጠላና በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚጣለው ባለቀለም ጌጥም ጥበብ ይባላል። ሕዝቡ ለሊቁ አእምሮና ለሸማኔው እጅ አንድ ስም ሰጥቷል ማለት ነው። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ «ጠቢብ» የሚለውን የክብር ቃል «ጠይብ» ብሎ ስድብ አደረገው። ብረት የሚያቀልጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውንና ሸማ የሚሠራውን በዓይነ ቡዳነት እየጠረጠረ፣ ጋብቻና ማዕድ እየነፈገ፣ በእጃቸው ሥራ ግን ሲያርስ፣ ሲበላና ሲለብስ ኖረ። ማረሻውን ከአንጥረኛው፣ ምጣዱን ከሸክላ ሠሪዋ፣ ጋቢውን ከሸማኔው ያገኘ ሰው እነዚህኑ ሰዎች ሲንቅ የተገኘው የአንዱ ወይም የሌላው ጠባይ ከፍቶ አልነበረም። ዕዳን ላለመክፈል ከሁሉ የቀለለው ዘዴ አበዳሪውን ማዋረድ ስለሆነ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የታወቀ ነው። በዘመኑ ሚዛን ሲታይ አዋጁ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ መንግሥት ስለ እጅ ሥራ ክብር ኃላፊነት አለብኝ ያለበት ቃል ነውና። ሆኖም አዋጁ ስድቡን ሲከለክል ለተሰዳቢው ድርና ማግ አላቀረበለትም፤ ገበያም አላበጀለትም። ስለዚህ ክብር ያለ ገንዘብ በወረቀት ላይ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። ገንዘብ ያለ ክብር ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ ቀጥለን እናያለን።

የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ፣ በአገሪቱ ሁሉ የተሰማ ስም አላቸው። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ የሚደርሰው ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየተከላከለ በየደጁ ይቆማል፤ የሚሰጠውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቁራሹን የምትሰጠው የገበሬ ሚስት ግእዝ አታውቅም፤ ተማሪው ያን ዕለት የቆጠረው ቅኔ ያምር እንደሆነ አትጠይቅም፤ ስሟ በቅኔው ውስጥ እንዲነሣላትም አትዋዋልም። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ እንደ አዲስ ተመልሶ አይባልምና ተማሪው በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲፈጥር ይገደዳል፤ ሳይሳካለት በቀረበትም ቀን ቁራሹ አይቀርበትም። ዛሬ በፖሊሲ ቋንቋ «በፈጠራ ላይ የሚደርሰውን ኪሣራ መጋራት» የሚባለውን ነገር የጎጃም ገበሬ ስም ሳያወጣለት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲፈጽመው ኖሯል። ከደብረ ኤልያስ የወጡት ዮፍታሔ ንጉሤና ከእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ ለዘመናዊው ሥነ ጽሑፋችን መሠረት ከጣሉት መካከል መቆጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁንና ምጽዋቱን ከልክ በላይ ማሞገስ አይገባም። ተማሪው በረኀብና በተስቦ ይወድቅ ነበር፤ ጉባኤውም በአብዛኛው ለወንድ ልጅ ብቻ የተከፈተ ነበር። ምጽዋት ነፃነትን ይሰጣል እንጂ ኑሮን አያጸናም። ተማሪው ጎልምሶ ቤት ልሥራ፣ ትዳር ልያዝ ባለ ጊዜ የቅኔ ችሎታው ብቻውን ጎጆ አያወጣለትም። ዮፍታሔ በመምህርነት፣ ሐዲስ ዓለማየሁም በዲፕሎማትነትና በከፍተኛ የመንግሥት ሥልጣን እያገለገሉ ነው የጻፉት። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያኖረው እንጀራ ከመጽሐፍ ሽያጭ የተገኘ አልነበረም። ብዙው የአገራችን ጥበብ እስከ ዛሬ በጥበበኛው ሌላ ሥራ ተደግፎ ቆሟል፤ ስሙ የማይጠራው ትልቁ ደጋፊ የጥበብ ሰው ራሱ ነው ማለት ነው።

ሽልማት ከምጽዋት በተቃራኒ በኩል ይቆማል። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ በነበረች ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በግብርና በሠርግ ቤት የሚቀበለው ገንዘብ ለተሸላሚው እንጀራ፣ ለሸላሚው ስም ነበረ። ሸላሚው ስሙ ከፍ ብሎ እንዲጠራለት ይከፍላል። ይህ ገንዘብ ውዳሴን ይገዛል፤ የማይወደሰውንም ነገር ዝም ያሰኛል። አዝማሪው ከዚህ ማሠሪያ ያመለጠው በሰምና ወርቅ ነው፤ ለሸላሚው ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን ለሕዝቡ አስቀረ። ብልኃቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ጥበበኛ እውነቱን ለመናገር መሸሸጊያ የሚያስፈልገው ከሆነ የተሰጠው ገንዘብ በነፃ አልተሰጠም ማለት ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ሦስተኛው ዘዴ መጣ። በየቀበሌው፣ በየማኅበሩና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ጓዶች ተቋቋሙ፤ ከጎጃምም የግሽ ዓባይ ኪነት ስም ገነነ። የጎጃም እስክስታና ዜማ በዚህ መንገድ በአገር መድረክ ላይ ወጣ፤ ትላንት «አዝማሪ» ተብሎ የተናቀው ሰው አርቲስት ተብሎ ተጠራ። በ1969 ዓ.ም. የእደ ጥበብንና የአነስተኛ ኢንዱስትሪን ልማት የሚመራ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ሸማኔዎችና ሌሎች ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲደራጁ ተደረገ። ይህ ሁሉ ሊካድ የማይገባ እርምጃ ነበር። ግን ደመወዝ የሚከፍለው አንድ ብቻ በሆነ ጊዜ የሚዘፈነውን የሚመርጠውም አንድ ብቻ ይሆናል፤ ያ አንዱ ሲወድቅም ሁሉም አብሮ ይወድቃል። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ብዙ ጓዶች መበተናቸው ይህንኑ ያስረዳል።

አሁን ያለንበት አራተኛው ዘመን የብድር ዘመን ነው። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ገጠርና ከተማ የተስፋፋው፣ በኋላም ወደ ጸደይ ባንክ የተለወጠው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ቤትም መኪናም ለሌለው ሰው በቡድን ዋስትና ገንዘብ ማበደር እንደሚቻል አሳይቷል። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀውና በ2008 ዓ.ም. የተሻሻለው የባህል ፖሊሲ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅ መብት አዋጅ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለብድር መያዣ ለማድረግ የወጣው አዋጅ በየበኩላቸው በር ከፍተዋል። ብድር ከምጽዋት የሚሻልበት ነገር አለው፤ ተቀባዩን እንደ ተመጽዋች ሳይሆን ቃሉን እንደሚጠብቅ ሰው ይመለከተዋል። «ብድር በምድር» የሚለው ብሂልም ብድርን የሰውነት ማሠሪያ አድርጎ የሚያይ ነው።

ሆኖም የሸማኔውን ሒሳብ ቀረብ ብለን እንመልከተው። ሸማኔው በጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል። የእንጨት ዕቃውና ጉድጓዱ በመያዣነት ሲገመቱ የሚያወጡት ዋጋ ጥቂት ነው፤ በጣቶቹ ውስጥ ያለውን የጥለት እውቀት ደግሞ የሚገምት የለም። ድሩን ነጋዴ በዱቤ ይሰጠዋል፤ ሲጨርስም ያው ነጋዴ በራሱ ዋጋ ይረከበዋል። ባዘቶ እየነደፈች በእንዝርት የምትፈትለዋ ሴትማ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከናካቴው አትቆጠርም። ገበያው በጥር ሠርግ፣ በጥምቀትና በፋሲካ ይደራል፤ በክረምት ይቀዘቅዛል፤ የብድሩ ክፍያ ግን ወር በገባ ቁጥር እኩል ይጠየቃል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ውስጥ በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሸማው ከቤት ይቀመጣል፤ ወለዱ ግን መንገድ አያስፈልገውም። በዚህ ላይ በውጭ አገር ፋብሪካ የታተመ፣ ጥበብ የሚመስል ጨርቅ በርካሽ ይመጣል። የጥለቱ ፈጣሪ ከኮፒው አንዳች አይደርሰውም። በዚህ ሁኔታ ላለ ሰው «ሥራ ፈጣሪ ሁን» ብሎ ብድር መስጠት፣ የኪሣራውን ዕዳ ሁሉ በአንድ ትከሻ ላይ ጭኖ ትርፉን ለሌሎች ማደል ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ገበሬውም ሰብሉን በረዶ ይመታዋል፤ መምህሩም በጥቂት ደመወዝ ይኖራል፤ ታዲያ ግብራቸው ለሸማኔና ለዘፋኝ ድጎማ የሚውለው ስለ ምንድን ነው? ራሱን መመገብ ያቃተው ጥበብ ገዢ የለውም ማለት አይደለምን?» የሚል ነው። ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለድሃ ሁሉ የሚበቃ ገንዘብ በሌለበት አገር የጥበብ ሰው ከሌላው ድሃ የበለጠ መብት አለው ማለት ፍትሕ አይሆንም።

መልሱ ጥበበኛው ይበልጣል ከሚል አሳብ ላይ አይመሠረትም፤ መሠረቱ የዕዳው ባሕርይ ነው። ገበሬው ኩንታል ጤፍ በሸጠ ጊዜ ጤፉን የበላው ከፋዩ ነው። አዲስ ጥለት የጣለ ሸማኔ ወይም አዲስ ዜማ ያወጣ አዝማሪ ግን ሥራውን ለአንድ ገዢ ሸጦ ለሺህ ሰው ይሰጣል። ሌላው ሸማኔ ያየዋል፤ ልብስ ሰፊው ይጠቀምበታል፤ ሆቴሉ ግድግዳውን ያስጌጥበታል፤ መንግሥትም በበዓል ቀን የአገር መልክ አድርጎ ያሳየዋል። ከዚህ ሁሉ ተጠቃሚ የከፈለው አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ከሕዝብ ሣጥን ለጥበብ የሚወጣው ገንዘብ ችሮታ ሳይሆን ያልተከፈለ ሒሳብ ነው። በአንጻሩ ጥበበኛውም ዕዳ አለበት፤ ሙያውን ያለ ዋጋ ካስተማሩት አባቶቹና እናቶቹ የተረከበው ዕዳ ነው። ይህንንም ለባንክ ሳይሆን ለተማሪው ይከፍላል። የብድር መዝገብ ከእነዚህ ዕዳዎች መካከል አንዱን ብቻ ያውቃል፤ የፖሊሲ ሥራ ሌሎቹንም መዝግቦ ማስከፈል ነው።

ከዚህ አሳብ በመነሣት አንድ ድጋፍ ትክክለኛ መሆኑን በሦስት ጥያቄዎች መመዘን ይቻላል። አንደኛ፣ ሰጪው ኪሣራውን ይጋራልን? ክፍያው ከገበያው ወቅት ጋር የተስማማ፣ አገር ሰላም ባጣ ጊዜ የሚታገሥ፣ አዲስ ሙከራ ሲከሽፍ ከፊሉን የሚሸከም መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ተቀባዩ ከድጋፉ በኋላ የሥራው ባለቤት ሆኖ ይቀራልን? ሦስተኛ፣ «አይሆንም» ማለት ይችላልን? ድጋፉን ተቀብሎ አለማወደስ የማይችል ሰው ከሠርግ ቤት አዝማሪ በምን ይሻላል?

ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘብ ብቻውን የማይፈታው ነው። አገራችን ይህን ከቡናዋ ተምራለች። ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የኢትዮጵያ መንግሥት በአሜሪካ ሲከራከር ቆይቶ፣ በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከተባለው ታላቅ ኩባንያ ጋር ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ስምምነት ተደርሷል። ያን ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው መዋዕለ ንዋይ ሕግና ጽናት ነበር። ህንድም በ1985 እ.ኤ.አ. አንዳንድ የልብስ ዓይነቶች በእጅ ሸማኔዎች ብቻ እንዲሠሩ በሕግ ወስናለች፤ ሕጉን ማስከበር ግን ከማውጣት ይልቅ እንደከበዳት ታይቷል። የጎጃም ሸማ በስሙ የሚታወቅበትና በማስመሰያው ላይ የሚከራከርበት መንገድ ቢበጅለት፣ ከብዙ ትንንሽ ብድሮች ይልቅ የሚጸና ሀብት ይሆንለታል።

በዚህ ረገድ የካድሬው፣ የመምህሩና የአርቲስቱ ድርሻ የተለያየ ነው። የአስተዳደር ሰው በሪፖርቱ ውስጥ የተበዳሪዎችን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከብድሩ በኋላ ስንቶቹ ከነጋዴው ዱቤ እንደወጡና ስንት ፈታዮች ዋጋቸውን እንዳገኙ ይጻፍ። መምህሩ ጠይብ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ለተማሪው ያስረዳ። አርቲስቱም ማኅበሩን ያጠናክር፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለጌጥ አይደለምና። የገበሬዋ ሚስት ለቅኔ ተማሪው ቁራሽ ስትሰጥ ምን እንደሚቀኝላት አልጠየቀችም፤ ለከርሞው መስከረም ወለድ አስልታም አልጠበቀችውም። በእርሷ ልግሥና ላይ የሙያን ኑሮ የሚያጸና ሕግና ገበያ መጨመር ለእኛ ዘመን የተተወ ሥራ ነው።