አይቶ እንዳላየ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው አዋሽ መልካሳን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ደራን ያገኛል። ከጥቂት ጊዜ በፊት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እዚያው ደራ ላይ እንዲቆም ታዘዘ። ትራፊክ ፖሊሱ እጁን አነሣ፤ ሾፌሩ ዳር ይዞ መንጃ ፈቃዱን በመስኮት ሰጠ። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን አየ፤ የሾፌሩን ፊት አየ፤ እንደገና መንጃ ፈቃዱን አየ። ከዚያም አንገቱን አስግጎ የኋላ ወንበሮችን ቃኘና «ሂድ» አለ። ነገሩ ሁሉ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ክርክሩ የተነሣው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

«ምን አይቶ ነው እንዲህ የቆየው?» አሉ አንዲት እናት።

«ስሙን ነዋ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ወጣት።

«የለም እማማ፤ መንጃዬ የሕዝብ መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን ነው ያየው» አለ ሾፌሩ።

ወጣቱ ግን አልተዋጠለትም። «የሚያየው ሌላ፣ አየሁ የሚለው ሌላ» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አሰላ እስክንደርስ ይህች አነጋገር ከጆሮዬ አልወጣችም።

ለመሆኑ ፖሊስ መንጃ ፈቃድ ሲመለከት ምን ያያል?

የሕጉ መልስ አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ሰነዱ የሚጠራው «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ተብሎ ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ይህ ሰው ይህን መኪና ለመንዳት ብቁ ነው? ፎቶግራፉ የራሱ ነው? ምድቡ ሕዝብ ነው፣ ደረቅ ነው ወይስ ፈሳሽ? ጊዜው አላለፈም? ከዚህ የዘለለ ጥያቄ ከካርዱ ጋር ግንኙነት የለውም።

ችግሩ ግን ዓይን በሕግ ብቻ አለመታዘዙ ላይ ነው። እኛ አገር ስም ብቻውን አይጻፍም፤ የአባትና የአያት ስም ይከተለዋል። ሦስት ትውልድ በአንዲት ካርድ ላይ ተሰልፎ ይቆማል ማለት ነው። አንባቢው ከዚያ ሃይማኖት ይገምታል፤ ብሔር ይገምታል፤ የትውልድ አካባቢ ይገምታል። በብዙ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለዓመታት ተጽፎ መኖሩን ሁላችንም እናስታውሳለን። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳ፣ ብሔርንም ሃይማኖትንም አይመዘግብም። መልካም እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ መስመሩን መሰረዝ ይቻላል፤ ስምን ግን ማን ይሰርዛል?

ይህ ተራ ሥጋት አይደለም። በሩዋንዳ የቤልጅየም ቅኝ ገዥዎች በ1930ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ጎሣን የሚገልጽ መታወቂያ ማደል ጀመሩ። በ1986 ዓ.ም. ያቺው ወረቀት በየኬላው ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚገደል መለያ ሆነች። ወረቀቱን ያተሙትም ሆኑ መጀመሪያ የተቀበሉት ሰዎች ይህን አላለሙም ይሆናል። ለአንድ ዓላማ የተጻፈ ነገር በሌላ ዓይን ሲነበብ ግን የሚያደርሰው ጥፋት እስከዚህ ይደርሳል።

ይህን ስል ፖሊሱ ዓይኑን ይጨፍን ማለቴ አይደለም። ልጇን በመኪና አደጋ ያጣች እናት «ያ ሾፌር ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ ይዞ ሲያልፍ የት ነበራችሁ?» ብትል ምን እንመልሳለን? በአንዱ ክልል ያጠፋ ሾፌር በሌላው ክልል እንደ አዲስ ሰው እንዳይታይ የጥፋት መዝገቡ አብሮት ቢጓዝ የሚጠላ ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። ስለ መንዳቱ ከሆነ ፖሊሱ ከዛሬውም የበለጠ ይይ! ነገር ግን ነገ አንዲት ቁጥር የመንጃ ፈቃዱን፣ የስልኩንና የባንክ ሒሳቡን መዝገብ አያይዛ ብትገኝ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ያን ሁሉ የመክፈት መብት የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አንድ መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይውል ይጠብቃል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ያያል?» ሳይሆን «ስለ ምን ብሎ ያያል?» የሚለው ነው።

በቋንቋችን «አይቶ እንዳላየ» የምንለው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ለወቀሳ ነው የምንጠቀምበት። ከመንጃ ፈቃዱ ሥር የታጠፈች ብር አይቶ፣ የተጫነውን ትርፍ ሰው እንዳላየ የሚሆን አለ፤ እንዲህ ያለው ማየት ያለበትን የሸጠ ነው። ግን ሌላም አለ። ስሙን አንብቦ፣ ከየት እንደ መጣ ገምቶ፣ ግምቱን ወደ እጁና ወደ አንደበቱ ሳያወርድ «ሂድ» የሚል። ይኸኛውም አይቶ እንዳላየ ነው፤ ማየት የማይገባውን ግን በገዛ ፈቃዱ ትቶታል። የመጀመሪያውን ሕግ ይቀጣዋል። ሁለተኛውን የሚያፈራው አስተዳደግ ነው፤ ኅሊና ነው፤ ማንም የማያውቅለት ትግል ነው።

የደራው ፖሊስ ከሁለቱ የቱ እንደ ነበረ፣ ወይም ጨርሶ ስሙን ልብ ብሎት እንደ ሆነ፣ መፍረድ አልችልም። ያየሁት ሾፌሩ ያለ ጥያቄ ማለፉን ብቻ ነው። አሰላ ስንወርድ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ያ ወጣት ፖሊሱን በመስኮት ሲመለከት ያየው የደንብ ልብሱን ነበር ወይስ ወገኑን? እኔስ ወጣቱን ዞሬ ሳየው፣ ስሙን ሳልጠይቀው፣ ከንግግሩ ቅላጼ ተነሥቼ የማን ወገን እንደ ሆነ በልቤ አልመደብኩትም? መድቤው ነበር። እጄ ላይ መንጃ ፈቃዱ አልነበረም፤ ደንብ ልብስም አልለበስኩም። ፍተሻውን ግን እኔም ፈትሻለሁ።