«የየት ነው?»

እናቴ አቃቂ ገበያ ቲማቲም ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው ዋጋውን አይደለም። «የየት ነው?» ትላለች። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «የመቂ ነው እናቴ።» አንድ ቀን እሷ ፈንጠር ስትል ሻጯን ቀስ ብዬ «እውነት የመቂ ነው?» አልኳት። ሳቅ አለችና «የወንዝ ዳር ነው ብልህ ትገዛኛለህ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ብትነግረኝ የምቀጣው እሷን ነበር።

ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል እስኪደርሱ የከተማውን ፍሳሽና የፋብሪካውን ዝቃጭ ይዘው ይወርዳሉ። በዚያው ውኃ አትክልት ይጠጣል። በአዲስ አበባ እርሻዎች በበቀሉ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ውስጥ ከባድ ብረቶችን የለካ ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ካወቅነው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነን ማለት ነው።

ሰሞኑን ስለ ግራፍቲንግ ሳነብ ያቺ ሻጭ ትዝ አለችኝ። ነገሩን የምናውቀው በአቮካዶ ነው፤ ችግኝ ስንገዛ «የተዳቀለ አለ?» እንላለን። እንደ እውነቱ ግን የሚዳቀል ዘር የለም። የአንዱ ተክል ጫፍ ተቆርጦ በሌላው ሥር ላይ ይቀጠላል፤ ቁስሉ ሲገጥም ሁለቱ እንደ አንድ ይኖራሉ። በቲማቲም፣ በደበርጃንና በሐብሐብም ይሠራል። ጃፓኖች ሐብሐብን ከአፈር በሽታ ለማዳን በሌላ ተክል ሥር ላይ መቀጠል የጀመሩት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። ልክ ነው፤ በቅል ሥር ላይ ያለ ሐብሐብ ያው ሐብሐብ ያፈራል። ሥሩም ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ውኃውንና ማዕድኑን የሚያስገባው እሱ ነው። ብርቱ ሥር ፍሬውን ሊያተልቀው ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጣፋጭነቱን ይቀንሰዋል። ሐብሐብ በማይስማማው የዱባ ሥር ላይ ከተቀጠለ ጣዕሙ ይበላሻል። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የጃፓን ተመራማሪዎች ያገኙት ነው። ደበርጃንን የእኛ እምቧይ ዘመድ በሆነ የዱር ተክል ሥር ላይ ቀጠሉት። ካድሚየም ባለበት አፈር ላይ በቅሎ እንኳ በፍሬው ውስጥ የተገኘው ካድሚየም ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ሥሩ መርዙን ይዞ ወደ ላይ አላሳልፍም አለ።

መጀመሪያ «በቃ፣ አቃቂ ተገላገለች» ብዬ ነበር። ሲያድር ግን ከነከነኝ። ካድሚየምን የከለከለ ሥር ለሌላው ብረት ዋስ አይሆንም። ከፍሳሹ ጋር የመጣውን ጀርም አያጥብም። ቆስጣና ሰላጣ የሚያመርተውንም አይጠቅመውም። ደግሞስ ማን ይከፍላል? ለአንድ ችግኝ ሁለት ተክል ይፈላል፤ ቆርጦ የሚያጋጥም እጅ፣ ቁስሉ እስኪድን የሚያቆይ ጥላና እርጥበት ያስፈልጋል። ያንን ሁሉ የሚሸከመው ገበሬው ነው። ከላይ ሆኖ ዝቃጩን የለቀቀው ሰውዬ ምንም አይከፍልም። እንዲያውም ፍሬው ሲጸዳ የሚጠይቀው ሰው ያጣል።

«ታዲያ ወንዙ እስኪጸዳ ሰው አይብላ?» ብትሉኝ፣ አይደለም። ዛሬ የራበው ልጅ ወንዙን አይጠብቅም። መርዝ የሚቀንስ ሥር ከተገኘ ይተከል፤ ወጪውን ግን ወንዙን ያቆሸሸው ይካፈል፣ ገዢውም የሚበላው ምን እንደሆነ ይነገረው። ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለበሽታው መላ ስናገኝ በሽታውን መልመዳችን። ሥሩ ያላሳለፈው መርዝ የትም አልሄደም። እዚያው አቃቂ አፈር ውስጥ አለ፤ ነገ በዚያው መሬት ላይ ሌላ ነገር ይዘራል።

እናቴ አሁንም «የየት ነው?» እያለች ነው የምትገዛው። ጥያቄዋ ትክክል ነው። ብቻ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ብቻዋን ልትመልሰው አይገባም። ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ቱቦው እስከሚጀምርበት።