የተዘጋው ሁለተኛ በር

አምባዛ ሲባል በሐሳብዎ የሚመጣው ሪዛሙ የጣናና የዝዋይ ዓሣ ሳይሆን አይቀርም። የዚያው ወገን ሆኖ፣ አድጎ አድጎ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ ፍጥረት ግን በብራዚል፣ በማዴይራ ወንዝ ተፋሰስ ይኖራል። አርቢዎች ኮሪዶራስ ፒግሜየስ ይሉታል። ሌላው ዓሣ በስንጥቡ ሲተነፍስ፣ ይህ ደግሞ በዚያ ላይ አልፎ አልፎ ሽቅብ ተወርውሮ አየር ይውጥና በአንጀቱ ይተነፍስበታል። ሱብሐነላህ!

ይህን ፍጥረት ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ማኖር ይፈቀዳልን? የአነስ ኢብኑ ማሊክ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። በሞተችበት ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ልጁን እያጫወቱ ስለ ወፏ ጠየቁት እንጂ ለምን ያዝካት አላሉትም። በ335 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም ኢብኑል ቃስ ከዚህ አጭር ሐዲስ ብቻ ከ60 በላይ ቁምነገሮችን አውጥተዋል። ዑለማዎችም እንስሳው እስካልተራበና እስካልተሰቃየ ድረስ ማኖሩን ፈቅደዋል።

በድመት ምክንያት እሳት የገባችውን ሴት ታሪክም እናውቃለን። የተቀጣችው ድመት ስለያዘች አልነበረም። አስራ አላበላቻትም፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። እንግዲህ ለሴትዮዋ ሁለት በር ክፍት ነበረላት፤ ማብላት ወይም መልቀቅ።

እርስዎ ግን ዓሣውን የት ይለቁታል? ማዴይራ ከባሕር ማዶ ነው። በአቅራቢያዎ ሐይቅ ቢጨምሩት ወይ ይሞታል፣ ወይ ተራብቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከቤት ገንዳና ከማርቢያ የወጡ የደቡብ አሜሪካ ጋሻ ለበስ አምባዞች በፍሎሪዳና በሜክሲኮ ውኃዎች ተስፋፍተው ዳርቻ እየቦረቦሩ፣ የአጥማጆችን መረብ እያበላሹ ነው። ሁለተኛው በር ተዘግቷል ማለት ነው። ስለዚህ የአማናው ክብደት በሙሉ በመጀመሪያው በር ላይ ይወድቃል፤ «ዓሣ እኮ ነው» ከሚሉ ወንድሞች ጋር የማልስማማውም እዚህ ላይ ነው።

ማብላት ሲባልም ምግብ መበተን ብቻ አይደለም። ፒግሜየስ በመንጋ የሚኖር ነው፤ ብቻውን ሲሆን ይሸማቀቃል። ሪዙ እንዳይቆሳሰል ደቃቅ አሸዋ ይሻል። ከራሱ ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ ይመርዘዋል፤ ያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በገንዳው ውስጥ እስኪራቡ ደግሞ ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን ገዝቶ የሚገባ ሰው መርዝ አሰናድቶ ገባ ማለት ነው። ኦቶሲንክለስ የተባለው ሌላው ትንሽ አምባዛ በአብዛኛው ከወንዝ የሚያዝ ነው። በጉዞ ተርቦ ይደርስና፣ የሚግጠው አልጌ በሌለበት የጸዳ ገንዳ ውስጥ ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልቃል። ባለቤቱ ምግብ በትኗል፤ ዓሣው የሞተው ግን በረሃብ ነው። አላወቅሁም ቢል፣ ዋጋውን ሲጠይቅ አኗኗሩንስ ለምን አልጠየቀም?

ብርቅ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ትንሹ የሺንጉ ወንዝ አምባዛ፣ የቤሎ ሞንቴ ግድብ መኖሪያውን ካጠበበበት ወዲህ እጅግ ተመናምኗል። ከዱር ተይዞ ለንግድ እንዳይወጣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም አቀፍ ስምምነት ቢወሰንም የሚፈልገው ሰው አልጠፋም። በዚህ ላይ ጫጩቶቿ የተወሰዱባትን ወፍ አስባለሁ። ጫጩቶቹ የነበሩት በሶሐቦች እጅ፣ ከዚያ በተሻለ እጅ አልነበረም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንዲመለሱላት አዘዙ። ስለዚህ በገንዳ የተራባውን ፈልጎ መግዛት ይሻላል፤ ሁለቱም ዓይነቶች በሰው እጅ ይራባሉ። አጥማጁም ድሃ ነው፣ በዚህ ይተዳደራል የሚል አለ። ቀላል ክርክር አይደለም፤ ለተመናመነው ዓሣ ግን አይሠራም።

አንድ ነገር ይቀራል። ሱቅ ገብተው ሆዱ የጎደጎደ፣ ሊሞት የደረሰ ኦቶሲንክለስ ቢያዩ ምን ያደርጋሉ? አዝነው ቢገዙት ሻጩ በምትኩ ሌላ ከወንዝ ያስመጣል። ትተውት ቢወጡ እዚያው ይሞታል። እኔ ትቶ መውጣትን እመርጣለሁ፤ ወጥቼ ግን ልቤ አያርፍም። ወላሁ አዕለም።