ተጠይቆ መብላት

በገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ሲያልፍ፣ የእብናት ከተማ ምግብ ቤቶች ይሞላሉ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሩ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ተበልቶ ያለቀ ሳሙና አለ፤ ውስጡ በላስቲክ የተሸፈኑ ጠረጴዛዎችና አግዳሚ ወንበሮች ናቸው። ፍየላቸውን የሸጡም ያልሸጡም አዛውንት ዱላቸውን ከግድግዳው አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይቀመጣሉ። ገና ልጅነቷ ያልለቀቃት አስተናጋጅ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች፣ «አባቴ፣ ምን ላምጣልዎት? የጾም ነው የፍስክ?» ትላቸዋለች። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሽሮ ነው። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፤ አንድ ቃሪያ ከጎኑ ይቀመጣል፤ እንጀራው በትሪ ይዘረጋል። ሁለት ሰው አንድ ሽሮ አዝዞ እንጀራ ማስጨመሩ የተለመደ ነው። «ትንሽ ወጥ ጠብ አድርጊልን» ማለትም አያሳፍርም።

እንዲህ ያለውን ቤት አብዛኞቻችን የሆድ ጉዳይ አድርገን እናልፈዋለን። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ በቃ። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ከምግቡ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ከጠዋት ጀምረው ከፍየል ነጋዴ ጋር ሲከራከሩ፣ ወይም ወረቀት ይዘው በአንድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተራ ሲጠብቁ የዋሉ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ፈቃዳቸው ይጠየቃል። የጠየቀችውም መልሳቸውን ሰምታ ትፈጽማለች። በዚያ ቀን እንዲህ የሆነላቸው እዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ነገሩን አጋነንከው የሚለኝ አይጠፋም፤ ሽሮና ምስር መምረጥ ነጻነት ከተባለ ነጻነት እጅግ ጠቦብናል ማለት ነው። እውነት ነው። ሆኖም ሰው ክብሩን የሚለካው ሁልጊዜ በትልልቁ ነገር አይመስለኝም፤ ቢያንስ በየቀኑ የሚለካው በትንንሹ ነው።

ከፍሎ መብላት በዚህ አገር ቀላል ሆኖ አልተጀመረም። በቀደመው ዘመን ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር ይታይ ነበር። መንገደኛ በሶውን ወይም ዳቦ ቆሎውን ቋጥሮ ይወጣል፤ ስንቁ ካለቀ ወይም ከመሸበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል፤ ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ይበላል። ዘራቸው ከስሜንና ከበጌምድር የሚመዘዘው እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲያቋቁሙ የገጠማቸው ፈተና ይኸው ልማድ ነበር ይባላል። መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን ስላልወደዱት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው፣ ሹማምንቱንም ጋብዘው እንዳስለመዱ ይተረካል። ትረካው ትንሽ ተውቦ ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚነግረን ነገር አለ። ለእንጀራ ገንዘብ መክፈል ያን ጊዜ የሚያኮራ አልነበረም፤ ነገሥታት ጭምር ሊያስለምዱት የሚደክሙበት እንግዳ ነገር ነበር።

የጥንቶቹ ጥርጣሬ መሠረት የሌለው አይመስለኝም። በሰው ቤት የበላ ሰው ከባለቤቶቹ ጋር ይተሳሰራል፤ ነገ የእነሱ ልጅ በእሱ ደጅ ሊመሽበት ይችላል። የከፈለ ሰው ግን ሒሳቡን ዘግቶ ይወጣል። በምግብ ቤት «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» ብሎ የሚያጎርስህ የለም፤ ብትጠግብም ብታተርፍም የሚከፋው የለም። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም። በሌላ በኩል እንግዳም የራሱ ሸክም አለው። የቀረበለትን ይበላል፣ ጨው ቢጎድለውም ያመሰግናል፣ ቶሎ መነሣት ቢፈልግም ይቀመጣል። የባለቤቶቹ ጎተራ መጉደሉን እያየ የሚጎርሰው ጉርሻ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በክፉ ዓመት እንግዳ ሆኖ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

በእብናት ደግሞ ይህን ማሰብ ሌላ ክብደት አለው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ እዚህ ትልቅ የእርዳታ መጠለያ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከየአቅጣጫው መጥቶ ተጠለለ፤ ተሰልፎ ስፍሩን ተቀበለ። በሚያዝያ ወር ሕዝቡ በኃይል እንዲበተን ተደረገ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ወሬው በዓለም ሲሰማ የደርግ መንግሥት በአካባቢ ባለሥልጣን ስህተት አመካኘ። ያን ጊዜ የሰፈሩትን እጆች ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው፤ ብዙ ነፍስ አትርፈዋል፤ በሞት አፋፍ ላለ ሰው ምን ላምጣልህ ማለት ቀልድ ይሆን ነበር። ነገር ግን በሰልፍ ውስጥ ማንም አይጠየቅም። ምን እንደሚበላ ያልተጠየቀ ሰው፣ ወዴት እንደሚሄድም ሳይጠየቅ ሊነዳ እንደሚችል የዚያ ሚያዝያ ነገር ያሳየን ይመስለኛል። ሁለቱ አንድ ናቸው ለማለት አልደፍርም፤ ግን ሩቅ ለሩቅም አይደሉም።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም መጣ፤ እብናትም ከታቀፉት ወረዳዎች አንዷ ሆነች። ሰው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ ብር ወይም እህል ይቀበላል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር እዚህ የየቤቱ ነው። ብሩ ያስመርጣል፤ ኑሮ ሲወደድ ግን በእጅ ላይ ይሟሟል። ስንዴው አያስመርጥም፤ ግን ቁና ሁልጊዜ ቁና ነው። የምርጫን ክብር የሚያወድስ ጸሐፊ ይህን መዘንጋት የለበትም።

ተሰፍሮ የተሰጠ እህል ወደሚመረጥ ምግብ ሲለወጥ ለማየት ርቀን እንሂድ። ታይዋን ርካሽ ምግብ ቤት እንደ አሸን የፈላባት ደሴት ናት። ደንበኛው ጀርባ በሌላት ዱካ ላይ ይቀመጣል፤ ከጠረጴዛው ላይ የምግብ ዝርዝር የታተመበት ቁራጭ ወረቀት አንሥቶ የሚፈልገውን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ይሰጣል፤ በልቶ ይነሣል። ከምግቦቿ ስሙ የገነነው በቅመም የበሰለ የበሬ ሥጋ ከነመረቁ፣ እንደ ፓስታ ከተሳበ የስንዴ ሊጥ ጋር በጎድጓዳ ሳህን የሚቀርበው ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የሚያያዘው እ.ኤ.አ. በ1949 በእርስ በርስ ጦርነት ተሸንፈው ከዋናው ቻይና ከተሻገሩ፣ ብዙዎቹም ቀያቸውን ዳግመኛ ካላዩ ወታደሮች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1965 በዘለቀው የአሜሪካ እርዳታ ደግሞ ብዙ ስንዴና ዱቄት ገባ፤ ሩዝ በላ የነበረውም ሕዝብ ስንዴ ለመደ። ልብ የሚነካኝ የዱቄቱ ጉዞ ነው። ተሰፍሮ የገባው እህል በሻጭ እጅ አልፎ፣ ሰው «ይህን እፈልጋለሁ» ብሎ የሚያዝዘው ምግብ ሆነ። ስፍርን ወደ ማዕድ የሚለውጠው ምናልባት ይህ መካከለኛ እጅ ነው፤ ሽሮ የምታማስለው ሴት፣ ሊጥ የሚስበው ሽማግሌ።

እዚህ ላይ ግን እብናት ራሷ ትከራከረኛለች። አስተናጋጇ «ምን ላምጣልዎት?» ስትል ብዙ አዛውንቶች ሽሮም ምስርም አይሉም፤ «ያለሽን አምጪ፣ ልጄ» ይላሉ። ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ይዘዋል፣ ይከፍላሉ፤ ግን እንደ እንግዳ ይመልሳሉ። ይህን መምረጥ ካለመልመድ ብቻ የመጣ ነው ማለት ንቀት ይሆናል። ባለቤቲቱ የምታፍርበትን ነገር እንዳይጠይቋት ይጠነቀቁላት ይሆናል። ወይም ለእነሱ ዋናው መጠየቁ ነው፤ መልሱን ለጠያቂዋ መልሰው ሊሰጧት ይችላሉ። እንዲያ ከሆነ ከላይ ምርጫ ያልኩት ነገር ትክክለኛው ስሙ ሌላ ነው፤ ያም ሆኖ ከሰልፉ ጋር ያለው ልዩነት አይጠፋም፤ ሳይጠየቁ መቀበልና ተጠይቀው መተው አንድ አይደሉምና።

የልጅቷ ነገር ግን ይቀረኛል። እሷ የምትበላው ደንበኛ ሲያልቅ ነው፤ ከድስቱ የተረፈውን፣ ቆማ። ከገጠር የመጣች፣ ማታ የምትማር ትሆናለች፤ ደመወዟም ትንሽ ነው። የሽሮው ርካሽነት በከፊል ከዚያ ትንሽነት የሚመጣ ከሆነ፣ ለአዛውንቱ የተደረገላቸውን ክብር በከፊል የምትከፍለው እሷ ናት። ይህን ካልኩት ሁሉ ጋር ማስታረቅ ይከብደኛል፤ ምግብ ቤቱን ከማመስገን ግን አላገደኝም።